የጥርስ መግል ደረት ሲወርድ፦ «ለመንጋጋ ተብሎ ደረት ይከፈታል?»

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። እዚሁ ባህር ዳር ጣና ዳር ዓሣ ይነግዳል። የታችኛው የግራ መንጋጋው ከተቦረቦረ ቆይቷል። ባለፈው እሁድ ጥዝጠዛው ጠና፤ ፊቱም አበጠ። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊንና ዲክሎፌናክ ገዛ። ማክሰኞ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄዶ መርፌ ተወጋ፤ ያን ቀን ተሽሎት ዋለ። ረቡዕ አፉን መክፈት አቃተው። እብጠቱም ወደ አንገቱ ወረደ። ሐሙስ ሌሊት ደረቴን ወጋኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ አለ። አርብ ሆስፒታል አስገባነው። ሲቲ ስካን ተነሳና ‹መግሉ ደረቱ ውስጥ ገብቷል። አንገቱን ከፍተን ማፍሰስ አለብን፤ ደረቱም ሊከፈት ይችላል። መተንፈሻም በአንገቱ ልናስገባለት እንችላለን› አሉን። እሱ ‹እናንተ ያላችሁት ይሁን› ብሎ ዝም አለ። አባቴ ‹ለጥርስ ተብሎ ደረት አይከፈትም፣ አልፈርምም› አለ። አጎቴ አዲስ አበባ እንውሰደው ይላል። እናቴ ጸበል ትላለች። እኔ ደግሞ ከበድ ያለ መድኃኒት በደም ስር ቢሰጠው አይበቃም ወይ እላለሁ። ምን እናድርግ? እኔም በዚያው በኩል የተቦረቦረ ጥርስ አለኝ።» (ከሽምብጥ፣ ባህር ዳር)

ይፈረም። ዛሬውኑ ይፈረም።

ጥያቄው እንደደረሰኝ ለጠያቂዋ የላክሁላቸው መልስ ይኸው ብቻ ነበር። ረጅሙን አሁን እጽፈዋለሁ። ይህን የቤተሰብ ክርክር እንደ አንገት በላይ ሐኪም ዋርድ በር ላይ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አባት «ለጥርስ ተብሎ» ይላል። አጎት መኪና ያፈላልጋል። እናት ታለቅሳለች። በዚህ መሀል ሰዓቱ ይሄዳል፤ መግሉም ይወርዳል።

ከአባትዎ ልጀምር። ያሉት ነገር ለሰሚው ትክክል ይመስላል። ጥርስ አፍ ውስጥ ነው፤ ደረት ሌላ ቦታ ነው። ግን አሁን የሚታከመው ጥርስ አይደለም። ጥርሱ በሩን ከፍቶ አስገብቷል። በሽታው ያለው በሁለቱ ሳንባዎች መሀል ነው፤ ልብ፣ የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ተጠጋግተው በተቀመጡበት ቦታ። ሐኪሞች ሚዲያስቲነም ይሉታል። እዚያ የገባ መግል የልብን ከረጢት ይነካል፤ የሳንባን ሽፋን ይነካል፤ ደምንም ይመርዛል።

እንዴት እዚያ ደረሰ? የታችኛው መንጋጋ የኋለኞቹ ጥርሶች ሥራቸው ረጅም ነው። ከምላስ ስር አፍን እንደ ወለል የሚይዝ ጡንቻ አለ። የእነዚህ ጥርሶች ሥር የሚያልቀው ከዚያ ወለል በታች ነው። የፊት ጥርስ ሲያመረቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ድድ ላይ ብጉር መስሎ ይፈነዳል፤ ሰውየው ተፍቶት ይገላገላል። የኋለኛው መንጋጋ ሲያመረቅዝ ግን መግሉ አፍ ውስጥ ሳይታይ በቀጥታ አንገት ሊገባ ይችላል።

ከአንገት ወደ ደረት ያለውን መንገድ ለመረዳት ጋቢን ያስቡ። ጋቢ ድርብ ነው። በላይኛው ጠርዝ በኩል ድርቦቹ መሀል ጥቂት ሽምብራ ይክተቱና ጋቢውን አንጠልጥለው ይያዙት። ሽምብራው እስከ ታችኛው ጫፍ ይንሸራተታል። አንገታችን ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲህ ባሉ ስስ ሽፋኖች የተጠቀለለ ነው። ከጉሮሮ ጀርባ ካሉት ክፍተቶች አንዱ ከራስ ቅል ስር ይነሳል፤ ደረትንና ሆድን እስከሚለየው ጡንቻ ድረስ አንድም ግድግዳ አያገኝም። በሕክምናው «አደገኛው ክፍተት» ነው የሚባለው። መግሉ በክብደቱ ወደ ታች ይሄዳል። በዚያ ላይ አየር በሳብን ቁጥር ደረታችን መግሉንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ብዙ ጊዜ ከአንገት ደረት ለመድረስ ሁለት ቀን አይፈጅበትም። የወንድምዎን ቀናት ይቁጠሩ፤ ረቡዕ አንገት፣ ሐሙስ ሌሊት ደረት።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ። «ከበድ ያለ መድኃኒት በደም ስር ቢሰጠው አይበቃም?» አይበቃም። መድኃኒቱ መሰጠት አለበት፤ ሆስፒታሉም ጀምሮለት ይሆናል። ይህ በሽታ የአንድ ጀርም ሥራ አይደለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ተባብረው ነው የሚያመጡት፤ ከነሱ መሀል አየር በሌለበት የሚራቡም አሉ። ስለዚህ ሁሉንም የሚሸፍን መድኃኒት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ሴፍትሪያክሶንን ከሜትሮኒዳዞል ጋር መስጠት የተለመደ ነው። ሲጠና ሜሮፔነምና ቫንኮማይሲንን የመሰሉም ይታዘዛሉ። ግን መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው። ደም ያልደረሰበት ቦታ መድኃኒት አይደርስም።

ይህን ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያየሁትን ልንገርዎ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የአንገቱ ቆዳ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው። ጭንብል አይመልሰውም። መግሉ እንደ ብጉር መግል ነጭና ወፍራም አይደለም። የዕቃ እጣቢ የመሰለ ግራጫ ውሃ ነው፤ አረፋም አለው። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ አመድ መስሏል። በምላጭ ሲነካ አይደማም። በጣት ሲገፋ እንደ ራሰ ወረቀት ይላቀቃል። እንግዲህ ያን ሥጋ በየትኛው ደም ስር ነው መድኃኒት የሚደርሰው? የሞተው መነሳት፣ የተቋጠረው መፍሰስ፣ ቦታው መታጠብ አለበት። መድኃኒቱ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ገና በሕይወት ባለው ሥጋ ላይ ነው።

ይህ የቆየ እውቀት ነው። ፒርስ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 የአንገት መግል ደረት የወረደባቸውን የ110 ሕሙማን ታሪክ ሰብስቦ አሳትሟል። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። በቀዶ ሕክምና መግሉ ከፈሰሰላቸው 35 በመቶው ሞቱ። ካልፈሰሰላቸው ግን 86 በመቶው ሞቱ። ያለ አንቲባዮቲክ እንኳ ቢላዋው ብቻውን ይህን ያህል ሰው አትርፏል። ዛሬ ሲቲ ስካን፣ ጥሩ መድኃኒትና ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተጨምሮበት የሞቱ ቁጥር በብዙ ጥናቶች ከ10 እስከ 25 በመቶ ወርዷል። አሁንም ከባድ ቁጥር ነው። ልደብቅዎ አልፈልግም። ወንድምዎ ሁሉም በትክክል ተደርጎለትም ሊሞት የሚችል ሰው ነው። ካልተደረገለት ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

ከመግሉ መፍሰስም፣ ከሁሉም የሚቀድም ሌላ ነገር አለ። ትንፋሹ ነው። «መተንፈሻ በአንገቱ» የተባለው ቤተሰቡን ክፉኛ እንዳስደነገጠ ከደብዳቤዎ ይገባኛል። ግን በዚህ በሽታ ሰው ቶሎ የሚሞተው ታፍኖ ነው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይተኛም። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ይተክላል። ምራቁን መዋጥ ስለማይችል አገጩ ስር ፎጣ ይይዛል። ሲናገር አፉን በምግብ ሞልቶ እንደሚያወራ ሰው ድምፁ ይታፈናል። አገጩ ስር ሲዳሰስ እንጨት ነው። ምላሱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተገፍቷል። ይህን መልክ ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 ጽፎታል፤ እስከ ዛሬም በሱ ስም ይጠራል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ በነበርኩበት ሆስፒታል፣ ከሐይቁ ማዶ በጀልባ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። መልኩ አሁን የነገርኩዎት ነው። ለሲቲ ስካን በጀርባው እንዲተኛ አደረግነው። በእጁ አልችልም ይለናል። «ሁለት ደቂቃ ነው፣ አይዞህ፣ ቻለው» አልነው። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። እብጠቱና ምላሱ ወደ ኋላ ወድቀው ትንፋሹን ዘጉት፤ ከንፈሩ ጠቆረ። እዚያው ማሽኑ ላይ አንገቱን ከፍተን ቱቦ አስገባንለት። ተረፈ። ጥፋቱ የኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ተቀምጬ ካልሆነ አልተነፍስም» የሚለኝን ሰው ትንፋሹን ሳላስተማምን በጀርባው አስተኝቼ አላውቅም። አስታማሚ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር ብታዩ ዝም አትበሉ፤ «ሲተኛ ይታፈናል» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ቱቦው በሁለት መንገድ ሊገባ ይችላል። ባለሙያውና መሣሪያው ካለ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እያለ በአፍንጫው በኩል በካሜራ እየታየ ይገባል። ካልሆነ ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። ሁለተኛውን ሰው «ጉሮሮውን በሱት፣ ከእንግዲህ አይናገርም» እያለ ይፈራዋል። እንዲህ አይደለም። ለጊዜው የሚደረግ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ቱቦው ይወጣል፤ ቀዳዳውም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል፤ ድምፁም ይመለሳል። ቱቦው እያለ ግን ድምፅ ላያወጣ ይችላል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ግቡ። የሚፈልገውን ይጻፍላችሁ።

ወደ ደረቱ እንመለስ። አባትዎ «ደረት ይከፈታል» ሲባሉ በዓይነ ሕሊናቸው የመጣው ፍርምባው ለሁለት ሲሰነጠቅ ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ያ አይደረግም። የሚደረገው መግሉ ምን ያህል እንደወረደ ታይቶ ነው። የአየር ቧንቧ ደረት ውስጥ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 በሽታውን በዚህ ቦታ ከፋፍለውታል፤ እኛም እንጠቀምበታለን። መግሉ ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አንገትን በደንብ ከፍቶ፣ በጣትና በመሣሪያ ወደ ታች ገብቶ ማፍሰስና ቱቦ መተው ይበቃል። ከዚያ ዝቅ ካለ ግን በአንገት በኩል አይደረስበትም። ያኔ በጎን፣ በጎድን አጥንቶች መሀል ይገባል፤ ባለበት ቦታ በካሜራ፣ በሌለበት በሰፊው ተከፍቶ። በአንዱም ሆነ በሁለቱ ሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ ካለ የደረት ቱቦ ይገባል። ፍርምባን መሰንጠቅ መግሉን አጥንቱ ላይ ስለሚያስነካው የተለየ ምክንያት ከሌለ እንሸሸዋለን። ስለዚህ ሐኪሙን «መግሉ እስከ የት ወርዷል?» ብለው ይጠይቁ። «ደረቱም ሊከፈት ይችላል» ያሏችሁ ከዚሁ የተነሳ ነው።

አጎትዎ አዲስ አበባ ይላሉ። ሐሳባቸው ከፍቅር ነው። ግን ከባህር ዳር አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንፋሹ በቱቦ ያልተጠበቀ ሰው በዚህ መንገድ ቢታፈን ማን ይደርስለታል? በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው ቢባል እንኳ የመሳፈሪያው ጣጣ ግማሽ ቀን ይበላል። ባህር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የመሳሰሉ ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ያሉባት ከተማ ናት። አንገት ከፍቶ መግል ለማፍሰስ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። የደረት ቀዶ ሕክምናው ያሉበት ሆስፒታል የማይሠራ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ትንፋሹ በቱቦ ይጠበቅ፤ አንገቱ ይፈስስ፤ መድኃኒቱ ይጀመር። ከዚያ ከተቀባዩ ሆስፒታል ጋር ሐኪሞቹ በስልክ ተነጋግረው አልጋ መኖሩ ተረጋግጦ፣ ኦክስጅንና ባለሙያ ባለው አምቡላንስ ይሂድ። «ሪፈር ጻፉልንና በራሳችን መኪና እንወስደዋለን» አትበሉ። እለምናችኋለሁ።

እናትዎ ጸበል ይላሉ። እምነታቸውን አከብራለሁ፤ የኔም እናት ብትሆን ይህንኑ ትላለች። ጸሎቱ ይደረግ፤ ካህን ይምጡ፤ ጸበሉም ግንባሩ ላይ ይረጭ። ግን ሁለት ነገር አደራ። ከሆስፒታል አይውጣ፤ ጸበልም ሆነ ማንኛውም ነገር በአፉ አይቅመስ። መዋጥ ያቃተው ሰው የጠጣው ጠብታ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። መድኃኒቱንም አያቋርጥ።

አሁን ስለ ማክሰኞው መርፌ። «ያን ቀን ተሽሎት ዋለ» ያሉት አሳስቦኛል። ክሊኒኩን ምን እንደወጉት ጠይቃችሁ ለሆስፒታሉ ንገሩ። ዲክሎፌናክ ሕመምና ትኩሳት ያበርዳል። ዴክሳሜታዞን ደግሞ እብጠቱንም ለጊዜው ያጎድለዋል፤ ሰውየው ዳነ ይባላል። መግሉ ግን እዚያው ነው። ዴክሳሜታዞን በሆስፒታል፣ በሐኪም ዓይን ስር፣ ትንፋሽን ለመርዳት የምንሰጥበት ጊዜ አለ። ሰፈር ውስጥ ያበጠን መንጋጋ «ለማፍዘዝ» መውጋት ግን ሌላ ነገር ነው። ሕመሙ ቀንሶ እብጠቱ ከጨመረ ያ መሻል አይደለም።

የስኳር ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነም ይጠይቁ። ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ የሚኖር ብዙ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ካልተስተካከለ ቁስሉ አይሽርም፤ ጀርሙም ይፋፋል። የኤች አይ ቪ ምርመራም ቢያደርጉለት አትቆጡ። ለሐሜት ሳይሆን መድኃኒቱን በልኩ ለመስጠት ነው።

ጥርሱስ? «ያበጠ ጥርስ አይነቀልም» የሚባል ነገር አለ። ከሕዝቡም አልፎ አንዳንድ ባለሙያ ሳይቀር ይለዋል። ስንት ሰው እብጠቱ እስኪጎድል እየተባለ ሲጠብቅ አንገቱ ድረስ አብጦ መጥቷል! እውነቱ ሌላ ነው። የመግሉ ምንጭ ጥርሱ ነው፤ ምንጩ ሳይደፈን ውሃ መቅዳት አያልቅም። ከአንቲባዮቲክ ጋር፣ አፍ መከፈት እስከቻለ ድረስ፣ ጥርሱ ቶሎ ቢነቀል መግሉም መውጫ ያገኛል። ወንድምዎ ማደንዘዣ ሲሰጠው በዚያው ይነቀልለት። «ጥርስ ተነቅሎ ነው የሞተው» የሚባለውም ወሬ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውየው ዘግይቶ ነው የተነቀለለት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ቀድማችሁ እወቁት፤ አለዚያ «አንዴ ከከፈቱት በኋላ ለምን ደግመው ይወስዱታል?» የሚል ጠብ ይነሳል። አንድ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት የለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ48 ወይም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ካልተሻለውም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሲቲ ስካን ይደገማል። የተደበቀ መግል ከተገኘ ተመልሶ ይገባል። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ የሐኪም ስህተት ምልክት አይደለም። አንገቱ ሳይሰፋ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ቱቦዎች ይንጠለጠሉበታል፤ በየቀኑ ይታጠባል። ሆስፒታል ውስጥ ሳምንታት ይወስዳል። ደም የሚሰጥ ዘመድ ይዘጋጅ። የጤና መድን ካርድ ካለው ይዛችሁ ኑ። ምግቡ በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ይሆናል፤ አጥሚቱ ቀጥኖና ተጣርቶ፣ ነርሷ በምትነግራችሁ ልክ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለብ ያለ ይሁን። ተኝቶ አይሰጠው፤ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ጣና ዳር ስለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ በሽታ ከጥርስ ብቻ አይነሳም። የቆሮሶ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲሰካ በትልቅ የእንጀራ ጉርሻ መግፋት የኖረ ልማድ ነው። አጥንቱ ከሄደ እሰየው። ካልሄደ ግን ጉርሻው አጥንቱ የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ እንዲበሳው ሊያደርግ ይችላል፤ ከዚያ መግሉ ያው ደረት ነው የሚወርደው። አጥንት ከተሰካ አትግፉ፤ ምንም ሳትበሉ ኑ፤ በመሣሪያ እናወጣዋለን። የሕፃናት እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል በጣት ማስቧጠጥም ከጉሮሮ ጀርባ ላለው ክፍተት በር ይከፍታል። ከተቧጠጠ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ አንገቱ ደርቆ፣ እየለሀጨ፣ ጡት አልይዝ ብሎ የመጣ ሕፃን ያየ ሐኪም ይህን ልማድ በዝምታ ሊያልፈው አይችልም።

ጆሮ ደግፍ ነው ተብሎ ቤት የሚቆየውም ብዙ ነው። ጆሮ ደግፍ አብዛኛውን ጊዜ ልጆችን ነው የሚይዘው፤ እብጠቱም ከጆሮ ስርና ፊት ለፊት ነው። የተቦረቦረ መንጋጋ ያለው ትልቅ ሰው አገጩ ስር ቢያብጥ ጆሮ ደግፍ አትበሉት። አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደራርቦ በቁም በፊት ጥርሶቹ መሀል ያስገባል። ሁለት እንኳ ካልገባ ነገሩ ከድድ አልፏል። ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ እብጠቱ ከመንጋጋ አጥንት አልፎ ወደ አንገት ከወረደ፣ የአንገቱ ቆዳ ሲነካ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ከተንኮሻኮሸ፣ ወይም ሲተነፍስና ሲውጥ ደረቱን ከወጋው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ደቅ ደሴት ወይም ማዶ ያላችሁ ጠዋት የሚነሳውን ጀልባ አትጠብቁ፤ የሞተር ጀልባ ያለው ሰው ቀስቅሱ።

ለአባትዎ ይህን ያንብቡላቸው። ወንድምዎ ራሱ ነቅቶ መናገር ወይም መጻፍ ከቻለ ደግሞ ፈቃዱ የሱ ነው። «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብሎ እንዲተወው አታድርጉ፤ እሱን ጠይቁት። ቀዶ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ትንፋሹን እንዴት ነው የምትጠብቁለት? መግሉ እስከ የት ወርዷል፣ ደረት የሚከፍት ሐኪምስ አለ? ጥርሱ አብሮ ይነቀላል? መልሱን ሰምታችሁ ስታበቁ ፈርሙ።

የእርስዎ ጥርስ ቀርቷል። ወንድምዎ ቀዶ ሕክምና ክፍል በገባ ሰዓት እርስዎ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ከሚጠብቁ፣ አንድ ዘመድ ይተኩና ጥርስ ሕክምና ክፍል ካርድ ያውጡ። ራጅ ይነሱ። የሚሞላ ከሆነ ይሞላ፤ የማይሞላ ከሆነ አሁን፣ ሳያብጥ፣ ይነቀል።